የሦስት ሳምንት ቀጠሮ፣ የ90 ደቂቃ እራት

ዓሣው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጨዋታ ቆመ። ሰፊ ጥቁር ሳህን መሀል የግማሽ መዳፍ ስፋት ያላት ቁራጭ ተቀምጣለች፤ ጫፏ በእሳት ጠቆር ብሏል፤ ከጎኗ ቀጭን ሮዝ የዝንጅብል ቡቃያ ተጋድሟል። ዋጋዋ 38 ዶላር ነው። ከአራቱ ተመጋቢዎች በዕድሜ ትልቋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሠርግና ለክርስትና ድግስ ሲያበስሉ ከ20 ዓመት በላይ የቆዩ ሴት ናቸው። በሹካ ጫፍ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ዝም ብለው አላመጡ። ከዚያ ሹካውን አስቀመጡና ለእህታቸው ልጅ፣ «ይኼ ዓሣ ከቅመሙ ጋር የተዋወቀው ዛሬ ነው» አሏት።

ጠረጴዛው የተያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። የእህታቸው ልጅ ነርስ ናት፤ በምትሠራበት ክፍል ኃላፊ ሆና በማደጓ ደስታዋን ከባሏ፣ ከታናሽ ወንድሟና ካሳደጓት አክስቷ ጋር ልታሳልፍ ፈለገች። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል የተከፈተውን «የእስያ ፊውዥን» የተባለ የድብልቅ ምግብ ቤት ያየችው በስልኳ ነው፦ የመስታወት ክዳን ሲነሣ የሚትጎለጎል ጭስ፣ የወርቅ ቅጠል የተለጠፈበት ሱሺ፣ በአድናቆት አፉን የያዘ ሰው። የሥራ ባልደረቦቿ ወይ ሄደዋል፣ ወይ ሊሄዱ ነው። ቦታ ለማስያዝ የባንክ ካርድ ቁጥሯን ሰጠች፤ ከቀሩ በሰው 25 ዶላር ይቆረጥባታል። በማረጋገጫው መልእክት ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን ልብ አላለችውም። ጠረጴዛው የእነሱ የሚሆነው ለ90 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ ቤቱ ጨለማ ነው። በየጠረጴዛው አናት የተንጠለጠለችው አንዲት አምፖል የምታበራው ሳህኑን እንጂ የሰው ፊት አይደለም፤ ፎቶው እንዲያምር ነው። በስተጀርባ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ የቡድሃ ምስል አለ፤ ከሥሩ መጠጥ ቤቱ። ይህ ጌጥ የራሱ የትውልድ ሐረግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ የተከፈተው ቡድሃ ባር ግዙፍ ሐውልትን፣ ዲጄንና እስያ ቀመስ ምግብን አንድ ጣሪያ ሥር አገናኘ፤ በ2000 ኒውዮርክ ላይ ታኦ ያንኑ በአሜሪካ መጠን አሰፋው፤ ከዚያ ወዲህ በየከተማው ተባዛ። ቤተ ክርስቲያን ለሚስም ሰው ነገሩ ምን እንደሚመስል ለመገመት፣ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ከቢራ ማቀዝቀዣ በላይ ተሰቅሎ ማሰብ ይበቃል። ጃካርታ ውስጥ የተከፈተውን ቡድሃ ባር የቡድሃ እምነት ተከታዮች እስከ ፍርድ ቤት ወስደውታል።

አስተናጋጁ ትሑትና ፈጣን ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ጊዜያቸው መሆኑን ጠየቀና «የቤቱን ሐሳብ» ማብራራት ጀመረ። ሳህኖቹ ለሁሉም የሚጋሩ ናቸው፤ ሁሉም ከመሀል እያነሣ ይበላል፤ ወጥ ቤቱ እንዳደረሰ እንጂ በተራ አይመጡም። ከአንድ ትሪ በልተው ላደጉ አራት ሰዎች አብሮ ስለ መብላት የተሰጠ ትምህርት ነው፤ ታናሽ ወንድም ሳቁን በናፕኪን ሸፈነው። አክስት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሳማ የሌለበት የቱ ነው?» ልጁ ወጥ ቤት ገብቶ ሲመለስ ከዝርዝሩ ሩብ ያህሉ ወደቀ፤ የኑድሉ መረቅ፣ ባኦ ከተባሉት በእንፋሎት የበሰሉ ዳቦዎች አንደኛው፣ የአትክልት ነው ያሉት ዱምፕሊንግ የተባለው የተሞላ ሊጥ ሳይቀር።

መጀመሪያ የደረሰው ዛሬ በየፊውዥን ቤቱ የማይጠፋው ነው። ሩዝ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ይጠበስና በላዩ የተከተፈ ጥሬ ቱና ይቀመጥበታል። ቱናው «ስፓይሲ» ይባላል። ማዮኔዝና ስሪራቻ ማለት ነው። ስሪራቻ ራሱ ጥሩ ታሪክ ያለው ድልህ ነው፤ ከቬትናም የተሰደደው ዴቪድ ትራን እ.ኤ.አ. በ1980 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማምረት ሲጀምር ለድርጅቱ የሰጠው ያሸሸችውን መርከብ ስም ነው፤ ሁይ ፎንግ። ከማዮኔዝ ጋር ሲመታ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። ሱሺ ቤቶች ከሚያምረው የዓሣ ሥጋ የተረፈውን ቁርጥራጭ በዚህ እየለወሱ መሸጥ የለመዱት ዓሣው ምን እንደሚመስል ስለማይታወቅበት ነው። 24 ዶላር የተከፈለበት አራት ቁራጭ ሲነከስ ጥርስ የሚያገኘው መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ ነው። ዓሣው በመካከላቸው አልፎ ሄዷል።

ክትፎ ለሚያውቅ ምላስ ይህ ቀላል በደል አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚከተፈው የሥጋው ጣዕም ፊት ለፊት እንዲወጣ ነው፤ ቅቤው ለብ ብሎ፣ ሚጥሚጣውና ኮረሪማው በልኩ ሆነው ያጅቡታል እንጂ አይውጡትም። የሚገርመው፣ የእስያ ፊውዥንን በዓለም ያስተዋወቀው ሰው በጣም የታወቀበት አንዱ ሥራ ከለብ ለብ ክትፎ ብዙ የማይርቅ መሆኑ ነው። ኖቡ ማትሱሂሳ ጥሬ ዓሣ አልበላም ብሎ ሳህኑን ለመለሰ እንግዳ ዓሣውን አልጣለውም፤ የወይራ ዘይት አግሎ ላዩ ላይ አፈሰሰበት። ላዩ ብቻ ነጣ፤ ውስጡ ጥሬ ቀረ። እንግዳው በላው።

ማትሱሂሳ እዚያ የደረሰበት መንገድ አጭር አልነበረም። ቶኪዮ ሱሺ ቤት ውስጥ ሳህን ከማጠብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ሊማ ሄደ፤ በሎሚ የሚበስለውን ሴቪቼ፣ ቃሪያውንና ድንብላሉን እዚያ ተማረ። ከዚያ አርጀንቲና፤ ከዚያ አላስካ። አንኮሬጅ ላይ የከፈተው ቤት ሁለት ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በስሙ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ከደንበኞቹ አንዱ የነበረው ተዋናይ ሮበርት ደ ኒሮ ለዓመታት ጎትጉቶት በ1994 ኒውዮርክ ላይ ኖቡን ከፈቱ። ዛሬ ሰው በስልኩ የሚያየው «የእስያ ፊውዥን» ሁሉ ያቺን ጥቁር ሳህንና ማትሱሂሳ የታወቀበትን፣ ሚሶ በተባለ የተብላላ አኩሪ አተር የሚዘፈዘፈውን ዓሣ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እርግጥ ነው ማትሱሂሳ የመጀመሪያው አልነበረም። ኦስትሪያዊው ቮልፍጋንግ ፑክ በ1983 ሳንታ ሞኒካ ላይ ሺንዋ ኦን ሜይንን ሲከፍት የቻይናን ምጣድ ከፈረንሳይ መረቅና ከካሊፎርኒያ አትክልት ጋር አገናኝቶ ነበር። «ፊውዥን» የሚለውን ቃል ወደ ወጥ ቤት በማምጣት የሚመሰገነው የፍሎሪዳው ሼፍ ኖርማን ቫን ኤከን ነው፤ ጊዜው የ1980ዎቹ ማብቂያ። ፈረንሳዊው ዣን ጆርጅ ቮንገሪክተን ደግሞ ባንኮክ ውስጥ ሠርቶ የለመደውን የሎሚ ሣርና የኮኮናት ወተት ይዞ በ1992 ኒውዮርክ ላይ ቮንግን ከፈተ።

ወሬና ምግብ እንዴት እንደሚለያዩም ያው ሰው በ2003 ካደረገው ሙከራ ማየት ይቻላል። ትራይቤካ ውስጥ «66» በሚል ስም አዲስ የቻይና ምግብ ቤት ከፈተ፤ ውስጡን የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ሪቻርድ ማየር ነው፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም መስታወት፣ ከዓሣ ገንዳዎቹ ጀርባ ሼፎቹ ይታያሉ። ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነበር። የኒውዮርክ ታይምሱ ዊሊያም ግራይምስ አሞገሰው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ኤ. ኤ. ጊል በቫኒቲ ፌር መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ሽሪምፕና የዝይ ጉበት የተሞላበትን ዱምፕሊንግ ያነሣበት መንገድ እዚህ የሚደገም አይደለም። ጽሑፉ እስከ ዛሬ ከጨካኝ የምግብ ሂሶች ተርታ ይጠቀሳል። «66» በ2007 ተዘጋ።

ወደ 38 ዶላሯ ዓሣ እንመለስ፤ ከሁሉም በላይ የምትናገረው እሷ ናት።

ዓሣዋ ብላክ ኮድ ትባላለች፤ በሳይንሱ ግን ኮድ አይደለም። ሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር ሌላ ዓሣ ነው፤ ስቡ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቢበስልም አይደርቅም፤ ማንኪያ ሲነካው በቅጠል በቅጠል ይለያያል። የአሠራሩ መሠረት የኪዮቶ ልማድ ነው፤ ጨዉ አነስ ያለ ነጭ ሚሶ ውስጥ ዓሣ አሽቶ ማቆየት። ማትሱሂሳ ሳኬ፣ ሚሪን የሚባለውን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ፣ ነጭ ሚሶና ስኳር እሳት ላይ ያዋሕዳል፤ ያቀዘቅዛል፤ ዓሣውን በዚያ ቀብሮ ሁለትና ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይተወዋል። በዚያ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ጨዉና ስኳሩ ከዓሣው ውኃ ይስባሉ፤ ሥጋው ይጠነክራል። ሚሶው በመብላላት ያፈራው ጣዕም ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ላዩ ተጠርጎ እሳት ሲያገኝ ስኳሩ ቡናማ ይሆናል፤ ጣዕሙም ከላይ እስከ መሀል አንድ ነው።

ያቺ ቁራጭ ግን ላይዋ ጣፋጭ፣ ውስጧ ባዶ ነበረች። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ምንም የማይል ሥጋ። ነርሷ አስተናጋጁን በለሆሳስ ስትጠይቀው አልካደም፤ ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ የዕለቱ የሚዘፈዘፈው ጠዋት ነው አላት፤ አንዳንዴም ቀትር ላይ። ሳህኑን ሲያነሣ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ዓሣውን ግን እሱ አልሠራውም።

ፊውዥንን የሚያጥላላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚያየው በድብልቁ ላይ ነው፤ ጃፓን ለብቻ፣ ኮሪያ ለብቻ፣ አበሻም ለብቻ ይሁን ይላል። ይህ ክርክር የዶሮ ወጥ ድስት እስኪከፈት ነው የሚቆመው። በርበሬው የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ከኮለምበስ ጉዞ በፊት በዚህኛው ዓለም አልነበረም። ቅርንፉዱ መጀመሪያ የበቀለው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ላይ ነው፤ ዝንጅብሉና እርዱ የእስያ ናቸው፤ ኮረሪማው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ነው። ሦስት አህጉር በአንድ ድስት። ጃፓኖች የራሳችን ነው የሚሉት ቴምፑራ ከፖርቱጋሎች ጋር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የገባ የአጠባበስ ዘዴ ነው፤ ራመንም ከቻይና የመጣ ነው። ማንም ግን ዶሮ ወጥን ፊውዥን አይለውም፤ ብዙ ትውልድ ሽንኩርቱን አቁላልቶ ልኩን አግኝቶለታላ።

አንዳንዴም ልኩ ረጅም ጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 ሳኩራ ማሩ የተባለችው መርከብ 790 ጃፓናውያን ሠራተኞችን ይዛ ፔሩ ደረሰች። ኒኬይ የሚባለው ምግብ ከእነሱና ከልጆቻቸው ወጥ ቤት ወጣ፤ ለፔሩ ሴቪቼ ያበረከቱትም ከዚህ ነው የሚጀምረው። የአገሬው ሰው ዓሣውን በሎሚ ውስጥ ለሰዓታት ያቆየው ነበር፤ ትኩስ ዓሣ በጥሬው መብላት የለመዱት ጃፓኖች ጊዜውን ወደ ደቂቃዎች አወረዱት። ባሕሩ አጠገባቸው ነበር፤ ዓሣውን ያውቁታል፤ መቆየት እንደማያስፈልገውም አወቁ።

ኮሪያ ውስጥ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ከዘመተበት ጦርነት በኋላ፣ ከአሜሪካ ጦር ሰፈሮች የወጣ የቆርቆሮ ሥጋና ቋሊማ ከኪምቺ ጋር ተቀቅሎ «የጦር ሰፈር ወጥ» ሆነ፤ ዛሬ የኮሪያ ወጣት ሌሊት ሲያመሽ የሚያዝዘው ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ በ2008 ሮይ ቾይና ጓደኞቹ ኮጊ የተባለ የምግብ መኪና ይዘው ወጡ፤ በኮሪያ ዘዴ የተዘፈዘፈ የጎድን ሥጋ በሜክሲኮ የበቆሎ ቂጣ። ሁለቱ ሰፈሮች በዚያች ከተማ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ወጥ ቤቶቿ ውስጥ ኮሪያዊውና ሜክሲኳዊው አብረው ይሠራሉ። መኪናዋ የት እንደምትቆም በትዊተር ይነገር ነበር፤ ወሬው ያን ጊዜም ወሬ ነው፤ ሰልፉ ጫፍ ላይ ግን ሁለት ዶላር ገደማ የሚያወጣ፣ ቅመሙ አጥንት ድረስ የገባ ሥጋ ነበር።

በዋሽንግተኑ ጠረጴዛ ላይ ሰዓቱ ይሄዳል። ኡዶን የተባለው ወፍራም ኑድል መጣ፤ ገና ከሩቅ የትራፍል ሽታ አለው። ባልየው ደስ አለው፤ ስሙን እንጂ ነገሩን አያውቀውም። ትራፍል ከመሬት ሥር የሚቆፈር ውድ እንጉዳይ ነው፤ በየምግብ ቤቱ የሚሸተው ዘይት ግን አብዛኛው እንጉዳይ ነክቶት አያውቅም። ሽታው 2፣4-ዳይታያፔንቴን ከሚባል ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ውሁድ ነው። ሁለት ጠብታ ይበቃል፤ ሌላውን ሁሉ ይገዛል። ሱሺው አጠገብ የተቀመጠችው አረንጓዴ ጉብታም እንደዚያው ናት። እውነተኛ ዋሳቢ ቀዝቃዛ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት የሚያድግ ሥር ነው፤ ከተፈገፈገ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚፈገፈገው ሊበላ ሲል ነው። ጃፓን ውስጥ እንኳ አብዛኛው ሰው የሚቀርብለት ሌላ የሚያቃጥል ነጭ ሥር፣ ሰናፍጭና አረንጓዴ ቀለም ነው። ውሸቱ ግን ምሽቱን ሙሉ ኃይሉን ይጠብቃል፤ ለሚጣደፍ ቤት ይመቻል።

እንዲህ ያለው ቤት የሚጣደፍበት ምክንያት አለው። የመሀል ከተማ ኪራይ ውድ ነው፤ ጌጡ ብቻ ብዙ ገንዘብ በልቷል፤ ትርፉ ከምግቡ ይልቅ ከኮክቴሉ ይመጣል፤ አንድ ጠረጴዛ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ካልተቀመጠበት ሒሳቡ አይዘጋም። ስለዚህ ሜኑው የሚመረጠው በጠርሙስ ከሚገዛ ሶስ፣ በሁለት ደቂቃ ከሚጠበስ ነገር፣ ማንም አብሳይ ሊገጣጥመው ከሚችል ሳህን ነው። ሆይሲን፣ ጎቹጃንግ፣ ጣፋጭ የአኩሪ አተር ሶስ፣ የቅመም ማዮኔዝ፤ አራት ጠርሙስ ለሃያ ዓይነት ምግብ። አራተኛው ሳህን ላይ አክስት «ሁሉም አንድ አባት አለው» ያሉት ለዚህ ነው።

ትልልቅ ስሞችም ከዚህ አያመልጡም። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ማንሃተን ላይ የጃፓንና የአሜሪካ ምግብ የሚቀላቅል ሪንጎ የተባለ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ስሙ በጃፓንኛ ፖም ነው። ዛሬ የለም። በ2010 ሀርለም ውስጥ፣ ራሱ በሚኖርበት ሰፈር የከፈተው ሬድ ሩስተር ግን ከስሙ ጋር ተያይዞ ይነሣል።

የመጨረሻው ሳህን የጎድን ሥጋ ነበር፤ 58 ዶላር። በ80ኛው ደቂቃ ገደማ ደረሰ። ላዩ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ቢላ ሲነካው ግን ይጎተታል። የጎድን ሥጋ ወይ ስስ ተቆርጦ ፍም ላይ ቶሎ ይጠበሳል፣ ወይ ወፍራም ሆኖ ለሰዓታት ይቀቀላል፤ ይኼኛው መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል። ገና ሁለት ጊዜ ሳይጎርሱ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ቀጣዮቹ እንግዶች በር ላይ እንደሆኑ ነገራቸው። ሥጋው በካርቶን ተጠቀለለ።

ሒሳቡ መጣ። ምግብና መጠጥ 296 ዶላር፤ 10 በመቶ የከተማው የምግብ ቤት ግብር፤ 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ። ይህ የመጨረሻው ዲሲ ውስጥ የተለመደው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሕዝቡ የአስተናጋጆች መነሻ ደመወዝ በደረጃ እንዲያድግ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው። ድምሩ 384 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆነ። ከሥሩ ደግሞ «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ለአስተናጋጁ ስላዘነች ነርሷ 20 ዶላር ጻፈችበት። በአማርኛ ጉርሻ ሌላ ትርጉም እንዳለው፣ ያንን ግን ምሽቱን ሙሉ ማንም ለማንም እንዳላደረገ ያነሣው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ መኪና ውስጥ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካርቶኑ አክስት ማድቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሦስት ራስ ሽንኩርት አድቅቀው ከትፈው ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ጨመሩ፤ እሳቱን ዝቅ አደረጉ። ሽንኩርቱ ውኃውን ጥሎ ወርቅማ እስኪሆን፣ እያማሰሉ፣ ትንሽ ትንሽ ውኃ ጠብ እያደረጉ ቆዩ። በርበሬውን በግማሽ ማንኪያ ወሰኑት፤ ሥጋው ላይ ጣፋጩ አለ፤ ከእሱ ጋር እንዳይጣላ። ቅቤ ገባ። ከዚያ ጎድኑን ከነቀይ ሶሱ ከተቱት፤ ሙቅ ውኃ አከሉበት። ቤቱ መሽተት ሲጀምር ታናሽ ወንድም እንጀራ ይዞ መጣ። ነርሷም ስልኳን አውጥታ ወደ ድስቱ ጠጋ አለች።

«ገና ነው፤ አንድ ሰዓት ይቀረዋል» አሉና አክስት ክዳኑን መለሱት።